ልደታ ለሚኖር ቤተሰብ መኪና በወር ስንት ይበላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ አራት ኪሎ፣ ባለቤቴ ሜክሲኮ እንሠራለን። የ7 ዓመት ልጃችን ፒያሳ አካባቢ ይማራል። ለትምህርት ቤት ሰርቪስ በወር 3,500 ብር እንከፍላለን። ለታክሲና ለአውቶብስ ደግሞ ሁለታችን በወር 5,000 ብር ገደማ ይወጣብናል። አሁን በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር የሚሸጥ ቪትዝ አግኝተናል። 1 ሚሊዮን 500 ሺው አለን። 400 ሺውን የባለቤቴ ወንድም ያለ ወለድ ያበድረናል። ደላላው በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኛል። በዚህ ሳሰላው ነዳጁ በወር 3,500 ብር አይሞላም። ለትራንስፖርት ከምናወጣው ያንሳል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ መኪና ብር ይጠብቃል ይለኛል። ታዲያ በየቀኑ ሰልፍ ላይ የምንቆመው ለምንድን ነው? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ይህን መኪና አሁን አትግዛ። መኪና ጠልቼ አይደለም። እንጀራዬ መኪና ነበር። 22 ዓመት ሙሉ የድርጅት ተሽከርካሪዎች ስምሪትና ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ለእያንዳንዱ ታርጋ አንድ ፋይል ነበረን። ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ ጎማው፣ ጋራዥ የቆመበት ቀን ሳይቀር እዚያ ይገባል። አንድ ጊዜ አንዲት ኮሮላ ዕቃ ጠፍቶላት ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። በእነዚያ ቀናት አንድ ሊትር ነዳጅ አልቀዳንላትም። የወሩን ሒሳብ ስዘጋ ግን ወጪዋ ከሌሎቹ እምብዛም አላነሰም። መኪና ቆሞም እንደሚበላ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

አንተ ያነጻጸርከው የታክሲን ሒሳብ ከነዳጅ ሒሳብ ጋር ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ነዳጅ በየሳምንቱ ከኪስ ስለሚወጣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሌላው ወጪ በዓመት አንዴ፣ ወይም ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። አሁን ለወያላው የምትሰጠውን ብር አስብ። እሱ ውስጥ የሹፌሩ ደሞዝ አለ። የወያላው ድርሻ አለ። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የባለንብረቱ ትርፍ ሁሉ አለ። ሙሉ ዋጋ ነው የምትከፍለው። ነዳጅ ግን የመኪና አንድ ቁራጭ ነው። ሙሉውን ከቁራጩ ጋር አስተያይተህ ቁራጩ ረከሰ አልክ።

እስቲ ሙሉውን አብረን እንየው። የምጽፋቸው ቁጥሮች አንዳንዶቹ የአንተ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የእኔ ግምት ናቸው። ግምቱን የኢንሹራንስ ወኪልና የምታውቀውን መካኒክ ጠይቀህ በራስህ ቁጥር ተካው።

ከነዳጁ ልጀምር። በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ውሸት ላይሆን ይችላል። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስትነዳው ቪትዝ እንዲያ ሊሄድ ይችላል። የአንተ መንገድ ግን ሌላ ነው። ከልደታ ተነስተህ ባለቤትህን ሜክሲኮ ታወርዳለህ። ከዚያ ልጁን ፒያሳ ታደርሳለህ፣ ከዚያ አራት ኪሎ ትገባለህ። ሞተሩ ሳይሞቅ ትነሳለህ። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሞተር እየሠራ ትቆማለህ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ደግሞ ዳገት ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ትንሽ መኪና በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ እኔ አመሰግነዋለሁ። በቀን ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ልያዝልህ። ቅዳሜን ጨምረን 24 የሥራ ቀን እንበል፣ 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለእሑድ ዘመድ ጥየቃና ለገበያ 90 ጨምርበት። በወር 450 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 45 ሊትር ነው።

የነዳጅ ዋጋ የት እንደነበረ ታስታውሳለህ። መንግሥት በ2014 መጨረሻ አካባቢ ድጎማውን ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ለስሌቱ 130 ብር ልያዝ። 5,850 ብር ይመጣል። ደላላው ከነገረህ ብዙ ይርቃል። ማደያ ላይ በሰልፍ የምትቆመውን ሰዓት ደግሞ አልቆጠርኩም።

ቀጥሎ ማንም የማይቆጥረው ነገር አለ። 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብርህ ዛሬ ባንክ ቢቀመጥ ይወልዳል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በ7 በመቶ ብቻ ብናስበው በዓመት 105 ሺህ ብር ነው። በወር 8,750። በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ብር ከዚህ የተሻለ ያስገኛል፣ እኔ ግን ትንሹን ነው የያዝኩት። መኪናውን የገዛህ ቀን ይህ ገቢ ይቆማል። ከኪስህ ሲወጣ አታየውም። ግን ይቀርብሃል።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ አልቆይም። የሶስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005። እሱ ግን ሌላውን ሰው እንጂ የአንተን መኪና አይጠግንም። የቤተሰቡን ጠቅላላ ጥሪት አንድ መኪና ላይ ካፈሰስክ ሙሉ ዋስትና ሳትገባ እንዳትነዳው። 2 በመቶ ብንይዝ በዓመት 38 ሺህ፣ በወር 3,200 ብር ገደማ ነው። ለሶስተኛ ወገን፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ በወር 800 ብር ልበል።

ጋራዡ ላይ ግን ልቆይ። ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ነው።

የምትገዛው ያገለገለ መኪና ነው። ውጭ ተነድቶ መጥቶ እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው ነድቶታል። እኔ እንዲህ ላለ መኪና ከዋጋው 4 በመቶ በየዓመቱ ለጥገና አስቀምጣለሁ። ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ከዓመታት ፋይል የወጣ የራሴ ልማድ ነው። ለአንተ መኪና በዓመት 76 ሺህ፣ በወር 6,300 ብር ይሆናል። የሚበዛበት ዓመት ይኖራል፣ የሚያንስበትም ይኖራል። አንድ ወር ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ነው። ሌላ ወር ፍሬን ሸራና ካንዴላ። ከዚያ ድንገት ራዲያተሩ ያፈሳል፣ አሞርዛተሩ ይሞታል፣ ባትሪው ጠዋት አልነሳም ይላል። የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር ነው የሚሄደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። «እኛ ብዙ ስለማንነዳው ብዙ አይበላሽም» ብለህ ታስብ ይሆናል። ተቃራኒው ነው የሚቀርበው። አጭር መንገድ ሞተር ይጎዳል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስታጠፋው ዘይቱ ውስጥ እርጥበትና ነዳጅ ይቀራል። ስለዚህ 5,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አትጠብቅም፣ በየስድስት ወሩ ትቀይራለህ። ጎማም እንደዚያው ነው። ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ባትሪም በመቆም ይሞታል።

በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። በ2009 የግል መኪናዬን ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ለፍሬን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ስረከብ ፍሬኑ ተሠርቷል። ከአንድ ወር በኋላ ግን መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሌላ መካኒክ ሲፈታት ደህና የነበሩ ካንዴላዎቼ በአሮጌ ተቀይረው ተገኙ። በሙያው ውስጥ ሆኜ ነው ይህ የደረሰብኝ። ድርጅት ቢሆን ተቆጣጣሪ አለው። የግል ባለመኪና ግን ከመካኒኩ ጎን ቆሞ መዋል አለበት። ያ ቀን ደግሞ ከሥራ የቀረህበት ቀን ነው።

ቀሪዎቹ ትናንሽ ናቸው። አራት ኪሎ መሥሪያ ቤትህ ግቢ ውስጥ ቦታ ከሌለህ ለፓርኪንግ በቀን 100 ብር ብትከፍል በወር 2,400 ነው። ለኮንዶሚኒየሙ የሌሊት ጥበቃና ለላቫጆ 2,000 ልያዝ። ስፖኪዮ ሲሰረቅ፣ ፓራውልት ሲጋጭ ይህ አይበቃም።

አሁን ደምረው። 5,850፣ 8,750፣ 3,200፣ 800፣ 6,300፣ 2,400 እና 2,000። 29,300 ብር በወር። ነዳጁ ከዚህ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። አንተ በዚያ አንድ እጅ፣ እሱንም አሳንሰህ፣ ሙሉውን ለካኸው።

ከዚህ ውጭ የመጀመሪያ ቀን ወጪ አለ። ደላላው 2 በመቶ ከጠየቀህ 38 ሺህ ብር ነው። የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡ ለብቻው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ መኪና ሲገባ የታክሲው ወጪ ዜሮ ይሆናል ማለትህ ነው። አይሆንም። አንድ መኪና ነው፣ መንገደኞቹ ሦስት ናችሁ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ገና በ9 ተኩል አካባቢ ይለቀቃል። አንተ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ቢሮ ነህ። ማን ያመጣዋል? ሰርቪሱ ይቀጥላል ማለት ነው። ባለቤትህም ከሜክሲኮ ልደታ ለመግባት አንተ ከአራት ኪሎ በዚያ መጨናነቅ እስክትደርስ አትጠብቅም። በታክሲ ትገባለች። ይህን ሁሉ 29,300 ላይ አልደመርኩትም። አንተ ደምረው።

የ400 ሺው ብድር ሌላ ነገር ነው። ወለድ የለውም፣ የባለቤትህን ወንድም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይመለሳል። በሁለት ዓመት ለመመለስ ብታስብ በወር 16,700 ብር ገደማ ነው። ከባንክ የምታጣውን ወለድ ትተን ከእጃችሁ የሚወጣውን ብቻ ብንይዝ እንኳ መኪናው 20,550 ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 37 ሺህ ብር ያልፋል። ይህ ብር በየወሩ አላችሁ? ከሌላችሁ መጀመሪያ የሚዘገየው የወንድሟ ብድር ነው። ጋራዥ አይታገሥም፣ ዘመድ ይታገሣል። ከዚያ በዓል መጥቶ አንድ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ ባለቤትህ መሐል ትሆናለች። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ፣ በአንተ ቤት እንዲሆን አልፈልግም።

«መኪና ብር ይጠብቃል» ያሉህ ሰዎች አልዋሹህም። አገራችን ላይ እውነት ሆኖ ቆይቷል። ሌላ አገር መኪና ከገዛኸው ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ግን የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ ገዝቶ ከአሥር ዓመት በኋላ በእጥፍ የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ምክንያቱ መኪናዋ አልነበረችም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ቀረጥ ነበር። ብር በተዳከመ ቁጥር የሚገባው መኪና ይወደዳል፣ ያለውም አብሮ ይወጣል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እያንዳንዱ እርምጃ አገር ውስጥ ያለውን የቤንዚን መኪና ወደ ላይ ገፋው። ለዚህ ነው በስሌቱ ውስጥ የእርጅና ቅናሽ ያልጨመርኩልህ። ለአንተ አድልቼ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውል። የመኪናህ ዋጋ ሲወጣ የሌላውም ሁሉ ይወጣል። ሸጠህ ሌላ ለመግዛት ብትሄድ ያገኘኸውን ትርፍ እዚያው ትከፍላለህ። ትርፉ እጅህ የሚገባው ሸጠህ ዳግመኛ በእግርህና በታክሲ መሄድ ከጀመርክ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሁሉ ጭማሪ የመጣው ከመንግሥት ውሳኔ ነው። በውሳኔ የወጣ በውሳኔ ሊወርድ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪናው በየመንገዱ እየበዛ ነው። የነዳጁ ዋጋም እንደምታየው ነው። ያለፈው 20 ዓመት እንዲህ ስለነበረ ቀጣዩም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ጥሪትህን አስይዝልህ ዘንድ አልደፍርም። ደግሞም መኪናው ቁጠባህ ከሆነ በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ ይዘኸው ልትጋፋ ነው። ቁጠባ እንዲህ አይቀመጥም።

ምናልባት «እንግዲያው ኤሌክትሪክ ልግዛ?» ትለኝ ይሆናል። ለአንተ አይሆንም። ኤሌክትሪክ መኪና የሚያድነው ነዳጁን ነው። አንተ በወር የምትቀዳው 45 ሊትር ብቻ ነው። ያንን ለማዳን ከዚህ የሚበልጥ ብር ልታስር ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ የራይድ ሹፌር ሒሳቡ ሌላ ነው፣ እሱ ብዙ ያድናል። በዚያ ላይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ቻርጅ ታደርገዋለህ? ይህ ሳይመለስ አትነሳ።

አሁን ወደ ሰልፉ እንምጣ። በጽሑፍህ ውስጥ የሰማሁት እውነተኛ ችግር እሱ ነው። ገንዘቡ ሁለተኛ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሜክሲኮ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ሰልፉ ይጠመዘዛል። ታክሲው ይመጣል፣ አቆራርጦ ነው የሚጭነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጃንጥላ በጃንጥላ ነው። ሴት ልጅ ከመሸ በኋላ ብቻዋን ስትጠብቅ ድካሙ ብቻ አይደለም፣ ስጋትም አለ። ይህን «ትንሽ ታገሥ» ብዬ አላልፈውም። ከባድ ወጪ ነው፣ ከሰውነት የሚወጣ።

ታዲያ ማነጻጸር ያለብህ መኪናን ከሰልፍ ጋር አይደለም። መኪናን ከታክሲና ከራይድ ድብልቅ ጋር ነው። ከልደታ አራት ኪሎ ራይድ 400 ብር ያስከፍላል ብለን ከፍ አድርገን እንያዝ። አሁን የምታወጡት 5,000 እና 3,500 እንዳለ ይሁን። በዚያ ላይ በወር 16 ጊዜ ራይድ ጥሩ። በሳምንት አራት ጊዜ ማለት ነው። ዝናብ ሲሆን፣ ሲመሽ፣ ልጁ ሲታመም፣ ዕቃ ሲኖራችሁ። ጠቅላላው 14,900 ብር ይመጣል። የመኪናው ግማሽ ነው። ቸኩለህ ስትወጣ ስልክህን ታወጣለህ፣ ሲደርስ ትወርዳለህ፣ ፓርኪንግ አትፈልግም። ጎማው ቢተነፍስ ጎሚስታ የሚፈልገው ሹፌሩ ነው።

የቤታችሁን ቦታ ዋጋም ልብ በል። ብዙ ሰው አያት ወይም ኮዬ ፈጬ ሆኖ የሚመኘው ቦታ ላይ ናችሁ። ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚያልፉበት ጣቢያ ነው። ከልደታ ሜክሲኮ ሁለት ጣቢያ ነው፣ ተግባረ ዕድን አልፈህ። ለባለቤትህ ከዚህ የቀረበ ነገር የለም። የሰሜኑ መስመር ደግሞ ከልደታ በአውቶብስ ተራና በጎጃም በረንዳ በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ ነው የተዘረጋው። ባቡሩ በ2008 መጀመሪያ ላይ በ41 ባቡሮች ሲጀምር እንደነበረው እንዳልሆነ አውቃለሁ። መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙዎቹ ቆመው ነበር። ጠዋት ላይም መጋፋት አለ። ቢሆንም ሰዓቱን አጥንታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትወጡ ይረዳችኋል። ከሜክሲኮ ልደታ በእግርም 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ባለቤትህ ሰልፍ ላይ ከምትቆመው ጊዜ ጋር አስተያዩት። አንተም ከፒያሳ አራት ኪሎ የምትሄድበት የእግረኛ መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰፍቷል። ያንን ቁራጭ ብቻ በእግር ብትሄደው አንድ ታክሲና አንድ ሰልፍ ይቀርልሃል።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልበል። መኪና ሰልፉን ያስቀርልሃል፣ መጨናነቁን ግን አያስቀርም። ታክሲው የቆመበት መብራት አንተንም ያቆምሃል። ልዩነቱ ታክሲ ውስጥ ዓይንህን መክደን ትችላለህ፣ መሪ ላይ ግን አትችልም። ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዝ። ከቤት የወጣህበትን፣ ታክሲ የተሳፈርክበትን፣ ቢሮ የገባህበትን ሰዓት ጻፍ። መሐል ላይ ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው መኪና ሊያድንልህ የሚችለው። ከእሱ ላይ ፓርኪንግ የምትፈልግበትን ቀንስ። እኔ ለድርጅቱ ሰራተኞች ይህን ሳስጽፍ፣ መሐል ከተማ ውስጥ የሚተርፈው ጊዜ ሰው ከሚገምተው ሁልጊዜ ያንስ ነበር።

«ግዛ» የምልህ መቼ ነበር? የታመመ ወላጅ ቤት ውስጥ ቢኖርና በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሐኪም ቤት የምታመላልስ ቢሆን። መንቀሳቀስ የሚያስቸግረው የቤተሰብ አባል ቢኖር። ሥራህ በቀን አራት አምስት ቦታ የሚያዞርህ ቢሆን። ወይም ከከተማው ዳር ብትኖሩና ማታ ታክሲ የማይገባበት ሰፈር ቢሆን። እነዚህ ውስጥ አንዱ ካለ ሒሳቡ ይቀየራል፣ ስታስረዳኝ ደግሜ አየዋለሁ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ገጠር ለመሄድስ? ለዚያ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መኪና መከራየት ይቻላል።

የምመክርህ እንዲህ ነው። ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ለስድስት ወር መኪናውን እንደገዛችሁ አድርጋችሁ ኑሩ። የተለየ የባንክ ደብተር አውጡ፣ በሁለታችሁ ስም። ደሞዝ በገባ ቀን ሁለት ዓይነት ገንዘብ ወደዚያ ይገባል። አንደኛው 20,500 ብር የመኪናው በጀት ነው። ከእሱ ላይ ታክሲውንም፣ ሰርቪሱንም፣ ራይዱንም ክፈሉ። ታክሲውና ሰርቪሱ 8,500 ሲወስዱ 12,000 ብር ይተርፋል። 30 ራይድ ነው። በየሥራ ቀኑ አንድ ጊዜ ብትጠቀሙ እንኳ ያልቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ስድስት ወር ውስጥ ማንም ዝናብ ላይ እንዳይቆም። ሁለተኛው 16,700 ብር የብድሩ ነው። እሱ አይነካም። ከስድስቱ ወር አንድ ሁለቱ ክረምት ቢሆኑ ይሻላል። ሰልፍም መኪናም የሚፈተኑት በክረምት ነው።

ሁለተኛ ወር ላይ ገንዘቡን ማስገባት ካቃታችሁ፣ መኪናውንም በሁለተኛው ወር ያቅታችሁ ነበር። ከቻላችሁ ደግሞ ስድስተኛው ወር ላይ ከ100 ሺህ ብር በላይ በእጃችሁ አለ። ከወንድሟ የምትበደሩት በዚያው ልክ ይቀንሳል። 1 ሚሊዮን 500 ሺውም ቦታው ነው፣ እየወለደ።

ያኔም ልባችሁ መኪና ካለ፣ እኔ አልከለክልም። ደላላው ያመጣውን መካኒክ ግን አትቀበል፣ የራስህን ይዘህ ሂድ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ራስህ አመሳክር። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ። ከገዛህ በኋላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ቢያንስ 100 ሺህ ብር ሳትነካ አስቀምጥ።

የሁለት ሳምንቱን ደብተር ስትጨርስ ላክልኝ። የባለቤትህንም ጨምረህ ላክ። ጥያቄህ ውስጥ የእሷን ሐሳብ አላገኘሁም፣ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ የምትቆመው ግን እሷም ናት።